ቀኑ ነው ወይስ ፍሬኑ?

"ክፍል ሁለት አለው?"

ይህ ጥያቄ የቪዲዮ ቤት ትውልድ ለሥልጣኔ ያበረከተው ጥያቄ ነው ብል ብዙም አላጋነንኩም። ፊልሙ አልቆ የስም ዝርዝሩ ከታች ወደ ላይ መውጣት ሲጀምር ከአግዳሚው ላይ ቀድሞ የሚሰማው ድምፅ ይኸው ነበር። አክተሩ ካልሞተ "ክፍል ሁለት አለው" ይባላል። ከሞተም "ወንድሙ ይመጣል፤ ደሙን ይመልሳል" ይባላል። ቶሎ ተስፋ የማንቆርጥ ሰዎች ነበርን።

ክፍል ሦስት ግን ሌላ ጣጣ ነው። ክፍል ሁለት የሚሠራው አንደኛው ስለተወደደ ነው። ክፍል ሦስት የሚሠራው አንደኛውና ሁለተኛው ገንዘብ ስላመጡ ነው። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ሲቀመስ ግን ይታወቃል። በዚያ ላይ ዳይሬክተሩ ይቀየራል፤ ልጁን ሆኖ የሚጫወተው ልጅ ይቀየራል፤ ሙዚቃው ይቀየራል። "ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም" ያሉት እናቶቻችን ሆሊውድን ሳያዩ እንዴት እንዳወቁት እንጃ።

ዛሬ ላወራችሁ የፈለግሁት ስለ አንድ ክፍል ሦስት ነው። ብዙ ሰው ይንቀዋል። እኔም ከአሥሩ እጅ በስምንቱ ከናቂዎቹ ጋር ነኝ። የቀረችው ሁለት እጅ ግን ከታላላቆቹ ከሁለቱ ይልቅ እንቅልፍ ትነሳኛለች። ፊልሙ "ተርሚኔተር 3" ነው። "እንዴ! ትልቅ ሰው ቁጭ ብሎ ስለ አርኖልድ ይጽፋል?" የሚል ካለ ትንሽ ይታገሠኝ። ነገሩ የአርኖልድ ብቻ አይደለም።

እስቲ ከሥሩ እንጀምር። የመጀመሪያው "ተርሚኔተር" የወጣው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። ዳይሬክተሩ ጀምስ ካሜሮን የካናዳ ሰው ነው፤ ወደ ፊልም ሥራ ከመግባቱ በፊት የጭነት መኪና ይነዳ ነበር። ሮም ከተማ ውስጥ ትኩሳት ይዞት በተኛበት፣ ከእሳት ውስጥ የሚወጣ የብረት አፅም በሕልሙ አየ። እኛ ጋ ቢሆን ኖሮ ጠበል ይወስዱት ነበር። እሱ ግን ቁጭ ብሎ ጻፈው። የጻፈውንም "ዳይሬክት የማደርገው እኔው ከሆንኩ" ብሎ ለፕሮዲዩሰሯ ለጌል አን ኸርድ በአንድ ዶላር ሸጠላት። ፊልሙ በ6.4 ሚሊዮን ዶላር ተሠራ። ለእኔና ለእናንተ ብዙ ነው፤ ለሆሊውድ የሻይ ነው።

ታሪኩን የማያውቅ ካለ በአጭሩ እንዲህ ነው። ወደፊት "ስካይኔት" የሚባል የጦር ኮምፒዩተር የሰውን ዘር በኑክሌር ያነዳል፤ ከእሳቱ የተረፈውንም እየለቀመ ይጨርሳል። የተረፉትን አስተባብሮ ማሽኑን የሚያሸንፈው ጆን ኮነር የሚባል ሰው ነው። ማሽኑ መሸነፉን ሲያውቅ ሰው የሚመስል አንድ ገዳይ ከ2029 ወደ ኋላ፣ ወደ 1984ቷ ሎስ አንጀለስ ይልካል። ጆንን እንዲገድል አይደለም፤ እናቱን ገና ሳትወልደው እንዲገድላት ነው። እናትየዋ ሣራ ኮነር ተራ የምግብ ቤት አስተናጋጅ ናት። ገዳዩ መልኳን አያውቅም። ስለዚህ ምን ያደርጋል? የስልክ ማውጫ ይገልጣል፤ በዚያ ስም የተመዘገቡትን ሴቶች በተራ እየሄደ ይገድላል።

ይኼ የስልክ ማውጫ ነገር እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አይወጣም። ሰውየው ቂም የለውም፤ ጥላቻ የለውም። ዝርዝር ነው ያለው። ዝርዝር ይዞ በር የሚያንኳኳ ሰው ምን ማለት እንደሆነ ለእኛ አገር ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ዕድሜያቸው ከእኔ ከፍ ያሉ ሰዎች ያንን ትዕይንት ሲያዩ ሌላ ነገር ትዝ ይላቸው እንደነበር ከፊታቸው አንብቤያለሁ።

እኛ ፊልሙን ያየነው ከወጣ ከስንት ዓመት በኋላ ነው። ጥቁር መጋረጃ በተጋረደበት ቤት፣ በአንድ ብር፣ ካሴቱ ከካሴት ላይ ተገልብጦ ተገልብጦ የአርኖልድ ፊት አረንጓዴ ሆኖ። እንግሊዝኛው ለማናችንም አይገባንም። ይሁን እንጂ ፊት ተቀምጦ የሚያስረዳ አንድ "ዐዋቂ" መቼም አይጠፋም። "አሁን እናትየውን የሚያሳድዳት ልጁ እንዳይወለድ ነው" ይላል። "ልጁ ካልተወለደ ታዲያ ማንን ፈርቶ መጣ?" ብሎ አንዱ ከኋላ ይጠይቃል። "ዝም ብለህ እይ!" ይባላል። ከኋላ የነበረው ልጅ የጠየቀው ጥያቄ ስንት ፈላስፋና የፊዚክስ ሰው የተጨቃጨቀበት እንደሆነ የገባኝ ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ነው። ሙዚቃው ግን አስተርጓሚ አላስፈለገውም። ብራድ ፊደል ያቀናበረውን ያንን ብረት በብረት ላይ የሚወርድ ምት አግዳሚውን በጣታችን እየመታን እናጅበው ነበር።

አንደኛው ፊልም የፍርሃት ፊልም ነው። ጨለማ ነው፤ ሰው ይሮጣል፤ ማሽን ይከተላል። አርኖልድ ሽዋዚንገር ብዙ አይናገርም፤ ከተናገራት ጥቂት ነገር ውስጥ ግን "እመለሳለሁ" የምትለዋ ዓለምን ዞረች። ሲያበቃ ሣራ አርግዛ፣ በአንድ ጂፕ፣ ማዕበል ወደሚመጣበት አቅጣጫ ትነዳለች። ማዕበሉ እንደሚመጣ ታውቃለች። ትሄዳለች።

ሁለተኛው በ1991 ወጣ። ወደ 100 ሚሊዮን ዶላር የፈጀ ሲሆን እስከዚያ ድረስ ከተሠሩት ፊልሞች ሁሉ ውዱ ነበር። ወደ 520 ሚሊዮን አስገባ፤ አራት ኦስካር ወሰደ። በዚህኛው አርኖልድ ገዳይ ሳይሆን ጠባቂ ሆኖ መጣ። ገዳዩ ሮበርት ፓትሪክ የተጫወተው፣ እንደ ቀለጠ ብረት ፈስሶ የሰው መልክ የሚይዘው ነው። ፖሊስ መስሎ ነው የሚዞረው፤ ይህም ራሱን የቻለ ቀልድ ነው። የቀለጠው ብረት በኮምፒዩተር የተሳለባቸው ቦታዎች ቢደመሩ ጥቂት ደቂቃ ናቸው። እኛ ግን ፊልሙን ከዳር እስከ ዳር እሱ የሞላው ይመስለን ነበር።

ሰው ሁሉ በቀለጠው ብረት ይደነቃል። እኔ የሚደንቀኝ ማይልስ ዳይሰን ነው። አስታወሳችሁት? ጥቁሩ መሐንዲስ። ከመጀመሪያው ፊልም በተረፈው የማሽን ቁራጭ ላይ እየተመራመረ፣ ሳያውቀው ስካይኔትን የሚወልደው ሰው። ክፉ ሰው አይደለም። ቤቱ ቁጭ ብሎ፣ ሌሊት፣ ኮምፒዩተሩ ላይ አቀርቅሮ የሚሠራ የልጆች አባት ነው። ሣራ ልትገድለው ትሄዳለች። ጠመንጃዋን አነጣጥራ፣ ሚስቱና ልጁ እያዩ፣ መጨረስ ያቅታታል። እዚያች ቅጽበት ላይ ፊልሙ ትልቅ ይሆናል። ምክንያቱም ሣራ ልትገድለው የሄደችው ማሽኑ እሷን ሊገድል በመጣበት ሒሳብ ነው፤ "ገና ላልሠራኸው ነገር ሙት" በሚል ሒሳብ። ሰው ሆና ከመንገድ ተመለሰች።

ከዚያ ይነግሩታል። የሚሠራው ነገር ወደፊት ሦስት ቢሊዮን ሰው እንደሚያቃጥል ይነግሩታል። መጀመሪያ "እኛ ይህን እንዴት እናውቃለን?" ይላል፤ እውነቱን ነው። ቀጥሎ "በቃ፣ ሥራዬን እለቃለሁ" ይላል። ሣራ አይበቃም ትለዋለች። ትክክል ናት። እሱ ቢለቅ ሌላ ይቀጠራል፤ ወንበሩ አይቀዘቅዝም። እና ዳይሰን የዚያኑ ሌሊት አብሯቸው ሄዶ የስንት ዓመት ልፋቱን በገዛ እጁ ያወድማል፤ ሕይወቱም እዚያው ያልፋል። ሁለተኛው ፊልም የሚለው ነገር ይኼ ነው፦ ዕጣ ፈንታ የሚባል የተቆረጠ ነገር የለም፤ አንድ ሰው ከተነገረውና ከሰማ፣ መንገድ ይቀየራል።

አሁን ወደ ሦስተኛው።

በ2003 ወጣ። ካሜሮን የለበትም፤ ዳይሬክተሩ ጆናታን ሞስቶ ነው። የብራድ ፊደል ቦታ በማርኮ ቤልትራሚ ተይዟል። ጆንን የተጫወተው ኤድዋርድ ፈርሎንግ ቀርቶ ኒክ ስታል ተተክቷል። አርኖልድ ብቻውን ወደ 30 ሚሊዮን ዶላር ተከፈለው፤ በእሱ ደመወዝ የመጀመሪያውን ፊልም አራት ጊዜ ሠርቶ ለድግስ የሚተርፍ ገንዘብ ነው። ፊልሙ በወጣ በሦስተኛው ወር ደግሞ ሰውየው የካሊፎርኒያ ገዢ ሆኖ ተመረጠና "እመለሳለሁ" ያለው ወዴት እንደነበር ገባን።

ፊልሙ ራሱን እያሾፈበት ይሄዳል። አርኖልድ ልብስ ሲፈልግ መጨፈሪያ ቤት ይገባል፤ የኮከብ ቅርጽ ያለው የሴት መነጽር ያደርጋል፤ አዳራሹ ይስቃል። አንድ ትልቅ ክሬን የጫነ መኪና አንድ ሰፈር ሙሉ ሲያፈርስ እናያለን፤ አልክድም፣ ደስ ይላል። ገዳይዋ በዚህኛው ሴት ናት፤ ቆንጆ ናት፤ ከዚህ ሌላ ስለሷ የማስታውሰው የለም። የቀለጠውን ብረት የፖሊስ ፊት ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ከሁሉ የከፋው ጉድለት ሣራ አለመኖሯ ነው። ሊንዳ ሃሚልተን አልተመለሰችም፤ ታሪኩ ውስጥ በደም ካንሰር ሞታለች ተባለ። ሬሳ ሣጥኗ ሲከፈት ደግሞ ውስጡ የተገኘው ሬሳ ሳይሆን የጦር መሣሪያ ነው። ጸሐፊዎቹ ብልህነት መስሏቸው ይሆናል። እኔ ግን የፊልሙን ሙሉ ሐተታ እዚያ ሣጥን ውስጥ አየሁት፤ በእናትየዋ ቦታ ጠመንጃ አስቀመጡበት። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ስለ አንዲት እናት ነበሩ። ሦስተኛው ስለ መሣሪያ ነው።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ ስለዚያች ስለ ሁለት እጇ ላውራ።

በፊልሙ መጨረሻ አካባቢ አንድ ቫይረስ የዓለምን ኮምፒዩተሮች ያውካል። ስልክ ይቋረጣል፤ ሳተላይት ይደነቁራል፤ ወታደሩ የራሱን ሚሳይል ማግኘት ያቅተዋል። ስካይኔት የሚባለው አዲስ ሥርዓት በሙከራ ላይ ነው፤ ኃላፊው ጄኔራል ብሩስተር ይባላል። አለቆቹ "ልቀቀው፣ ቫይረሱን ይጥረግልን" እያሉ ይወተውቱታል። ጄኔራሉ መጥፎ ሰው አይደለም፤ ሥርዓቱን እንዲህ አስፍቶ መልቀቁ ልቡን ቅር ይለዋል። ግን ጫናው በረታ፣ አማራጭ ጠፋ፣ ጊዜ አጠረ፤ አዘዘ፣ ተለቀቀ። ቫይረሱ ራሱ ስካይኔት ነበር። ሌባውን ያስጥለናል ብለው ቁልፉን ለሌባው ሰጡት።

ጆንና የጄኔራሉ ልጅ ኬት፣ የማሽኑን ዋና ማዕከል ለማፈንዳት ወደ አንድ ተራራ ይበራሉ። በሩን ከፍተው ሲገቡ ማዕከል የሚባል ነገር የለም። አቧራ የለበሰ የድሮ መጠለያ ነው፤ ባለሥልጣናት ከኑክሌር እንዲያመልጡበት የተሠራ፣ ማንም ያልደረሰበት። ስካይኔት ዋና ማዕከል የለውም። በየቢሮውና በየተማሪው ማደሪያ ባለው ኮምፒዩተር ውስጥ ተበትኖ ያለ ፕሮግራም ነው፤ የሚነቀል ሶኬት የለውም። ሚሳይሎቹ ተነሥተዋል። ሁለተኛው ፊልም "ይቀየራል" ያለው ነገር አልተቀየረም። አርኖልድ ቀደም ብሎ ነግሯቸው ነበር፦ ያ ቀን ተላለፈ እንጂ አልቀረም፤ አይቀሬ ነው።

በዚያን ጊዜ ከጓደኞቼ ጋር ተጨቃጭቀናል። "አየህ! ይኼኛው እውነተኛው ነው፤ ዕድል አይለወጥም" ያለም ነበር። "ካሜሮን የሠራውን አበላሹት፤ የእናትየዋን ልፋት ከንቱ አደረጉት" ያለም ነበር። እኔ ግን አንድ ነገር ላይ ቆምኩ፤ እስካሁንም እዚያው ነኝ። "ዕጣ ፈንታ የለም" የሚለውን በሁለተኛው ፊልም የምትለው ሣራ ናት፤ ሰው። "አይቀሬ ነው" የሚለውን በሦስተኛው የሚለው ማነው? ማሽኑ። ጄኔራሉን አስቡት። እጁን የያዘው ዕጣ ፈንታ አልነበረም፤ አለቃ ነበር፣ ጥድፊያ ነበር፣ "እምቢ ብል ምን ይሉኛል" ነበር። ይህ ሁሉ ከተጠናቀቀ በኋላ ነገሩ "አይቀሬ" የሚል ስም ተሰጠው።

ይህን ስም እኛም አሳምረን እናውቀዋለን።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሰፈራችን ውስጥ አንድ የሚኒባስ ረዳት በመኪና አደጋ ሞተ። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር። ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ ብሎ ነው። ለቅሶ ቤት ተቀምጠናል፤ ሰው እየገባ፣ እየተነፋረቀ፣ እንደ ወጉ ይላል፦ "ቀኑ ደርሶ ነው።" "የእግዜር ቀጠሮ ነው።" "ሰው ከቀኑ አያልፍም።" እናትየው አንገቷን ትነቀንቃለች። ባለ መኪናውም መጣ፤ ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ዓይኑን በመዳፉ ሸፍኖ፣ እሱም "ቀኑ ደርሶ ነው፣ ምን ይደረጋል" አለ። ይኼኔ ጥግ ላይ የተቀመጡ አንዲት የሰፈራችን አሮጊት፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ፦

"የደረሰውስ ቀኑ አይደለም ልጄ፤ ያለቀው ፍሬኑ ነው" አሉ።

ቤቱ ጸጥ አለ። ልጁ ፍሬኑ እየላላ መሆኑን ሁለት ሳምንት ሙሉ ሲናገር እንደነበር ሰፈሩ ያውቃል። "ቅዳሜ ይሠራል" ሲባል እንደነበርም ያውቃል። ቅዳሜ ደግሞ ገበያ ያለበት ቀን ነው፤ መኪና አይቆምም።

በአሮጊቷ የተቆጡ ነበሩ። "ለቅሶ ቤት ይኼ ይባላል እንዴ?" አሉ። እኔም ብዙ አሰብኩበት። "ቀኑ ደርሶ ነው" የምትለዋን ቃል የፈጠሩት አባቶቻችን ሞኞች አልነበሩም። ልጇን የቀበረች እናት ሌሊት ተነሥታ "ያን ቀን ባስቀረው ኖሮ፣ ቁርሱን ባዘገየው ኖሮ" እያለች እንዳትቃጠል የተሰጠች መድኃኒት ናት። ለእናትየዋ መድኃኒት የሆነችው ቃል ግን ለባለ መኪናው ደረሰኝ ሆነች፤ "ዕዳ የለብኝም፣ ሒሳቡን ሰማይ ቤት ጠይቁ" የምትል ደረሰኝ። አንድ ቃል ነው፤ ማን አፍ ውስጥ እንዳለ መታየት አለበት። አሮጊቷ የነጠቁት ከእናትየዋ አይደለም፤ ከባለ መኪናው ነው።

ታዲያ "ጄኔራሉ ምን ያድርግ? ሰው በዚያ ሰዓት ምን ይችላል?" ለሚል ሰው የፊልም ሳይሆን የእውነት ታሪክ አለኝ።

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 26 ቀን 1983 ሌሊት፣ ከሞስኮ ወጣ ብሎ በሚገኝ የሶቪየት የማስጠንቀቂያ ጣቢያ ስታኒስላቭ ፔትሮቭ የሚባል ሌተና ኮሎኔል ተረኛ ነበር። ሳተላይቱ ከአሜሪካ ሚሳይል ተተኮሰ አለ። ጥቂት ቆይቶ ሌላ አለ፤ አምስት አደረሳቸው። ደወሉ ይጮኻል፤ መብራቱ ይበራል፤ ኮምፒዩተሩ እርግጠኛ ነኝ ይላል። የፔትሮቭ ሥራ ያየውን ወደ ላይ ማሳወቅ ነበር። እሱ ግን ቁጭ ብሎ አሰበ። አሜሪካ ጦርነት ብትከፍት በአምስት ሚሳይል ትጀምራለች? የምድር ራዳሩስ ለምን ምንም አያይም? ስልኩን አነሣና "ብልሽት ነው" ብሎ አሳወቀ። ብልሽት ነበር፤ የፀሐይ ብርሃን ደመና ላይ አንጸባርቆ ሳተላይቱን አታሎት ነው። ለዚህ በጊዜው ሽልማት አገኘ? የለም። እሱ በኋላ እንደተናገረው፣ የዚያን ሌሊት የመዝገብ ደብተሩን በአግባቡ አልሞላህም ተብሎ ተወቀሰ። ቢሮክራሲ የትም አገር ቢሮክራሲ ነው! ዓለም ታሪኩን የሰማው በ1990ዎቹ ነው፤ ሰውየው በ2017 አረፈ።

ልብ በሉ፤ የመጀመሪያው "ተርሚኔተር" ሲኒማ የገባው ከዚያች ሌሊት ዓመት ከአንድ ወር በኋላ ነው። ሰው ትኬት ቆርጦ በፊልሙ ሲደነግጥ፣ እውነተኛው ፊልም ባለፈው ዓመት ሊታይ ተቃርቦ አንድ ተረኛ መኮንን እንዳስቀረው ማንም አያውቅም ነበር። ፔትሮቭ በዚያች ሌሊት እንደ ጄኔራል ብሩስተር ቢያደርግ ኖሮ፣ ተርፎ የሚጽፍ ሰው ካለ፣ ምን ብሎ እንደሚጽፍ አልጠራጠርም፦ "በሁለቱ ኃያላን መካከል የነበረው ፍጥጫ ጦርነቱን አይቀሬ አድርጎት ነበር።"

ከሦስተኛው በኋላ ሌሎችም መጥተዋል፤ በ2009፣ በ2015፣ በ2019። ጆን ኮነርን የሚጫወተው ሰው ተቀያይሮ ተቀያይሮ አራተኛ ጉልቻ ደረሰ። በ2019ኙ ካሜሮን በፕሮዲዩሰርነት ተመለሰ፤ ሊንዳ ሃሚልተንም ተመለሰች፤ ተመልካቹ ግን አልተመለሰም። ስለነሱ ብዙ የምለው የለኝም። ድስቱ ከተጣደ ቆይቷል፤ እሳቱ ነው የጠፋው።

ፊልሙ ደከመ እንጂ ነገሩ ግን አሁን ነው የመጣው። በ2023 በሰው ሠራሽ የማሰብ ችሎታ ምርምር ስማቸው ከተጠራ ሊቃውንት አንዱ የሆነው ጄፍሪ ሂንተን ስለ አደጋው በነጻነት ለመናገር ብሎ ጉግልን ለቀቀ፤ በዚያው ዓመት እሱና ብዙ ባለሙያዎች ነገሩ የሰውን ዘር እስከማጥፋት የሚደርስ አደጋ ሊያመጣ ስለሚችል ዓለም ትኩረት ይስጠው ብለው ፈረሙ። ካሜሮንም በዚያው ዓመት "እኔ በ1984 አስጠንቅቄያችሁ ነበር፤ አልሰማችሁኝም" የሚል ነገር ተናገረ። በ2024 ደግሞ ያው ካሜሮን "ስታቢሊቲ ኤአይ" በሚባል የሰው ሠራሽ የማሰብ ችሎታ ኩባንያ ውስጥ የቦርድ አባል ሆኖ ገባ። ልወቅሰው አይደለም፤ የራሱ ምክንያት ይኖረዋል። ግን ዳይሰንን የጻፈው ሰው ነውና ትንሽ ሳልቆዝም አላለፍኩም።

ሚሳይሉ ለጊዜው ይቆየን። ወደኛ ደጅ የሚመጣው በሌላ መልክ ነው። የእህቴ ልጅ በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ተርጓሚ ነበረች። ባለፈው ዓመት አለቃዋ ጠርቷት፣ ካሁን በኋላ ትርጉሙን ማሽን እንደሚሠራው፣ እሷም እንደምትሰናበት ነገራት። "እኔም አዝናለሁ፤ ግን ጊዜው ነው፣ አይቀሬ ነው" አላት። ቤት መጥታ ደብዳቤውን አሳየችኝ። "ምን ላድርግ ጋሼ? ሰውየው ምን ያድርግ?" አለችኝ። ደብዳቤውን ገለበጥኩት። ማኅተም አለው። ቁጥር አለው። ቀን አለው። ፊርማ አለው። ፊርማው የማሽን አይደለም። አንድ ሰው ብዕር አንሥቶ ነው የፈረመው። ያ ሰው የማሽኑ ትርጉም ጥሩ መሆን አለመሆኑን አንብቦ አላረጋገጠም፤ እሷን ሌላ ቦታ መመደብ ይቻል እንደሆነ አልጠየቀም። ምናልባት ጠይቆም ቢሆን መልሱ ያው ይሆን ነበር። ግን አልጠየቀም። "አይቀሬ ነው" ካለ በኋላ ጥያቄ አያስፈልግማ።

አይቀሬ ነገር የለም እያልኩ እንዳይመስላችሁ። ሞት አይቀርም፤ እርጅና አይቀርም፤ ክረምት አይቀርም። ክረምት አይቀርም ብሎ ግን ጣራውን የማይጠግን ሰው፣ ዝናቡ ሲገባበት "ቀኑ ደርሶ ነው" ቢል ማን ይሰማዋል? ሦስቱን ፊልሞች ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው የተማርኩት ይህንን ነው። አንደኛው ማዕበል እንደሚመጣ ነገረኝ። ሁለተኛው ማዕበሉን የሚያስቀር ሰው ሊኖር እንደሚችል ነገረኝ፤ ዳይሰንን አሳየኝ። ሦስተኛው፣ በቀልዱና በክሬኑ መሃል ሳያስበው ይሁን አስቦበት እንጃ፣ ማዕበሉን የሚያስገባው ክፉ ሰው ሳይሆን እጁን የሚሰጥ ደግ ሰው መሆኑን ነገረኝ። ለዚህ ነው ጄኔራሉ ከገዳይዋ ይልቅ የሚያስፈራኝ። ገዳይ በሰፈራችን ብዙ የለም። "ቅዳሜ ይሠራል" የሚል ሰው ግን ሞልቷል።

ያ ፊልም የሚያበቃው በአንድ የራዲዮ ጥሪ ነው። ቦምቡ እየወደቀ፣ አቧራ በለበሰው መጠለያ ውስጥ የድሮው መገናኛ ይንጫጫል፤ ከየቦታው የተረፉ ሰዎች መልስ ፍለጋ ይጣራሉ። አንደኛው ድምፅ እዚያ ኃላፊው ማን እንደሆነ ይጠይቃል። ጆን ኮነር፣ ዕድሜውን ሙሉ ከዚህ ጥያቄ ሲሸሽ የኖረው ልጅ፣ ትንሽ ያመነታና "እኔ ነኝ" ይላል። ስንት ሚሊዮን ዶላር ከወጣበት ፊልም ውስጥ ከሁሉም ርካሿና ከሁሉም ውዷ ቃል እሷ ትመስለኛለች።

እኛ ጋ እንኳ ያ ስልክ ቢደወል መልሱን ሁላችንም እናውቀዋለን፦ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው።